ደባሉ ጣቢያ

ደብረ ብርሃን የምትኖር አክስት አለችኝ። እታለም ነው የምንላት። ከፋብሪካ ሥራ በጡረታ ከወጣች ዓመታት ቢያልፉም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መነሣቷን አልተወችም፤ ቡናው ሳይፈላ በፊት ሬዲዮኗ ይከፈታል። ሬዲዮኑ ቡፌው ላይ ነው። ዳንቴል ለብሷል፤ አንቴናው ከተሰበረ ቆይቶ በሽቦ ተቀጥሏል። ያ ሬዲዮ ያለውን እታለም ታምናለች። እኔ ያልኩትን ግን "ማን ነገረህ?" ብላ ትጠይቃለች።

አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጡረተኞችን የሚመለከት ነገር በሬዲዮ ተናገሩ።"

"ምን አሉ?"

"መረጃ አምጡ ነው። የምን መረጃ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን 'ዝርዝሩን በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችን ያገኙታል' ብለው ዘፈን ከፈቱ። ገጹን አልሰማሁትም። ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን የምሯን ነበር። እታለም ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እሷ በምታውቀው ዓለም ገጽ ማለት ቁጥር ያለው፣ ከሌላው ገጽ ጋር የተሰፋ፣ ዛሬ ያነበብከው ነገ ተመልሰህ ስትገልጠው እዚያው የሚጠብቅህ ነገር ነው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ባትሪው አራት ቀን ይቆያል፤ በዚህም ትኮራለች።

እሺ ብዬ እኔው ልፈልግላት ተነሣሁ። የጣቢያውን ገጽ ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ የአንድ ዘፋኝ ሠርግ ነው። ቀጥሎ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ። ቀጥሎ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ (ይኼ የጣቢያው አይደለም፤ ግን መሀል ገብቷል)። ቀጥሎ ከሁለት ሳምንት በፊት የተመረቀ ድልድይ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንደ አዲስ ወደ ላይ ወጥቷል። ከድልድዩ ሥር ሰዎች በዘር ይሰዳደባሉ። ድልድዩ ማንን አስቀየመ? ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ አውራ ጣቴ እስኪዝል ወረድኩ። ደከመኝና ተውኩት። ማስታወቂያውን ያገኘሁት በማግሥቱ ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ግማሹ ላይ ጥላ ወድቆበት ተለጥፏል። የመጨረሻው ቀን ትናንት ነበር። "የጣቢያውን ድረ ገጽስ አልሞከርክም?" ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ሲዞር፣ ሲዞር ቆይቶ አልከፈትም አለ።

የእታለም ጡረታ ሁለት ወር ተያዘ። በኋላ ሦስት ቀን ተሰልፋ አስለቀቀችው። እኔን ያንገበገበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። "ሬዲዮኑስ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ሳልሰማ የቀረሁት" አለችኝ። ጥፋቱን ለራሷ ወሰደችው።

የጣቢያውን ስም የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። የአንድ ጣቢያ ነገር ስላልሆነ ነው። ዛሬ ማታ የፈለጋችሁትን የመንግሥት ወይም የክልል ጣቢያ ክፈቱና የዜናውን መጨረሻ አዳምጡ። ጋዜጠኛው ወረቀቱን ሰብስቦ "በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በዩቲዩብ፣ በቲክቶክ ይከታተሉን፤ ላይክ ያድርጉን፣ ሰብስክራይብ ያድርጉን" ይላል። ሕዝቡ ከፍሎ ያቆመው ጣቢያ፣ ሕዝቡ ከፍሎ በሰጠው የአየር ሰዓት፣ ለሌላ ሰው ሱቅ በነጻ ይጣራል። ለልብስ ሳሙና ማስታወቂያ በሰከንድ ሒሳብ የሚያስከፍለው ጣቢያ፣ በዓለም ላይ ካሉት ባለጠጋ ኩባንያዎች ለአንዳቸውም ሒሳብ ልኮ አያውቅም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው በተከራይና በደባል መካከል ያለውን ልዩነት ያውቀዋል። ተከራይ ውል አለው። ምስክር ፈርሞለታል፤ ሲያስወጡት አስቀድመው ይነግሩታል፤ ካልነገሩት የሚከስስበት ደጅ አለ። ደባል ግን ሰው ቤት ጥግ ላይ ፍራሽ ያነጠፈ ነው። የበሩ ቁልፍ የለውም። ሲያመሽ ያንኳኳል። የቤቱ ባለቤት ማታ ፊቱን ካጠቆረ ጠዋት ሻንጣው በረንዳ ላይ ነው። ደባል መሆን ነውር አይደለም፤ እኔም አራት ዓመት ሆኜዋለሁ። የሚገርመኝ የራሱ ቤት ያለው ሰው፣ ቤቱን ዘግቶ፣ ሣር አብቅሎበት፣ በፈቃዱ ደባል ሲገባ ነው።

ጣቢያዎቻችን ደግሞ ቤት ነበራቸው፤ አላቸውም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮውም ማሠራጫውም የራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሦስት መንግሥታት ስሙም ሙዚቃውም ሲቀያየር፣ ተራራ ላይ የቆመው ማማ ግን የዚህ አገር ሀብት ሆኖ ቆየ። አባቴ የቴሌቪዥን ግብር ከፍሎ ደረሰኙን ከቤት ካርታው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ሲከፍል ያጉረመርማል፤ ግን የከፈለው ለማን እንደሆነ ያውቃል።

(እዚህ ላይ "የሕዝብ ጣቢያ" ስል ከንፈራችሁን እንዳጣመማችሁ ይታወቀኛል። ልክ ናችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል፤ በተግባር ምን እንዳየን እናንተም እኔም እናውቃለን። ያ ግን ሌላ ጠብ ነው፤ በሌላ ቀን እንጣላለን። ቤቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ያስገቡን እንደሆነ ነው እስከ ዛሬ የተከራከርነው። ቤቱ የሌላ ሰው ከሆነ ክርክሩም ይቀራል።)

"ሳተላይቱስ የሰው አይደል እንዴ?" የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እውነቱን ነው። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት ወደሚባለው ሲዛወሩ፣ ከተማው ሁሉ ዲሽ አስተካካይ ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስሙ ኢትዮሳት ይባል እንጂ ሳተላይቱ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው፤ የተከራየነው ነው። ግን በውል ነው የተከራየነው። በወር ይኼን ያህል ብር፣ ይኼን ያህል ሰዓት ሥርጭት፣ ቢቋረጥ ይኼን ያህል ካሣ የሚል ወረቀት ይኖራል። ሳተላይቱ የላክንለትን ምስል ተቀብሎ መልሶ ይጥላል እንጂ፣ "ይኼን ዜና ለእገሌ አሳያለሁ፣ ለእገሊት አላሳይም፤ ሠርጉን ከፍ፣ የጡረታውን ዝቅ አደርጋለሁ" አይልም። ከማኅበራዊ ሚዲያው ጋር ያለን ውል ግን ማንም ያላነበበው፣ "እስማማለሁ" የሚል አንድ ቁልፍ ነው። ቁልፉንም የተጫነው የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ ብትወራረዱ ትበላላችሁ፤ ምናልባት ለልምምድ የመጣ ተማሪ ነው።

አከራዩ ሲቆጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መጠንቆል አያስፈልግም፤ ከእኛ የሚበልጥ አቅም ያላቸው ቀምሰውታል።

አውስትራሊያ ኩባንያዎቹ ለዜና አምራቾች እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ ልታወጣ ስትዘጋጅ፣ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2021 በአገሪቱ ዜና ሁሉ እንዳይታይ ዘጋ። ኤቢሲ የተባለው የሕዝብ ማሠራጫ ገጹ ባዶ ሆነ። ዜና ብቻ ቢሆን ኖሮ የነጋዴዎች ጠብ ነው እንል ነበር። አብረው የሜትሮሎጂው መሥሪያ ቤት፣ የጤና ቢሮዎችና የእሳት አደጋ መከላከያ ገጾችም ጠፉ። ያውም በኮሮና ዘመን፣ ያውም የሰደድ እሳት አገር። ኩባንያው የእነዚያን መዘጋት ስሕተት ነው ብሎ ከፈተላቸው፤ ዜናውም ከመንግሥት ጋር ከተስማማ በኋላ በሳምንት ውስጥ ተመለሰ። እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ሕዝቡ የኤቢሲን የራሱን የዜና መተግበሪያ ስልኩ ላይ ሊጭን ተሻማ። ጣቢያው የራሱ በር ነበረውና ሰው በዚያ ገባ።

ካናዳ ደግሞ ተመሳሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 ስታወጣ፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከነሐሴ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የካናዳውያንን ገጽ ከዜና አጸዳው። በዚያው ወር አጋማሽ የሎውናይፍ የምትባለው የሰሜን ከተማ በሰደድ እሳት ተከበበችና ሃያ ሺህ ያህል ነዋሪ ውጣ ተባለ። አስቡት፤ መንገዱ የቱ ጋ እንደተዘጋ፣ ነዳጅ የት እንዳለ የሚናገረውን የሕዝብ ሬዲዮ ዜና ለጎረቤት ልላክ ቢሉ አይሄድም። ሰዎች ዜናውን በስልክ ፎቶ እያነሡ፣ ፎቶውን እንደ ቤተሰብ ፎቶ አስመስለው ያስተላልፉ ጀመር። ባለሥልጣናቱ ቢለምኑ ኩባንያው አልሰማቸውም። የካናዳን መንግሥት ያልሰማ አከራይ፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣን አቤቱታ ይሰማል ብሎ የሚጠብቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ከአሜሪካም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ትዊተር (በኋላ ኤክስ የተባለው) ኤንፒአር በተባለው የሕዝብ ሬዲዮ ስም ላይ "ከመንግሥት ጋር የተያያዘ" የሚል ታፔላ ለጠፈበት። ጣቢያው ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የሚያገኘው ከበጀቱ አንድ በመቶ አይሞላም ነበር። ቢቢሲንም "በመንግሥት የሚደጎም" አሉት፤ ጮኸ፤ አስተካከሉለት። ኤንፒአር ግን አልቆየም። ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። የስዊድን ሬዲዮም በዚያው ወር ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ ሲቆጠር ኤንፒአር ከድረ ገጹ ጎብኚዎች ያጣው አንድ በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ዓመት ያለዚያ መንደር መኖር አይቻልም ሲባል የነበረው አንድ በመቶ ነበር።

ደግሞ የማይመቸኝን ምሳሌም ላንሣ፤ የሚመቸኝን ብቻ መርጬ እንዳልታማ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 በሩሲያ መንግሥት የሚደጎሙ ጣቢያዎችን በመላው ዓለም ዘጋ። ብዙ ሰው "ደግ አደረጉ" አለ። ይበል። ለዚያ ፕሮፓጋንዳ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ግን በዚያ ቀን አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ የአንድን ትልቅ አገር ጣቢያ በአንድ ሌሊት ማጥፋት ይቻላል፣ ያን ለማድረግም ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ቁልፉ እነሱ ጋ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ የእኛው ታሪክ ከሁሉም ይገርማልና። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተነሣው ውዝግብ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተዘጉ። የዘጋቸው የካሊፎርኒያ ሰው አልነበረም። አምስት ወር ያህል ቆይተው ሐምሌ ላይ ተከፈቱ። በእነዚያ ወራት እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው እኔም በቪፒኤን ሾልኬ እገባ ነበር። ገብቼ ሳይ ምን አገኛለሁ? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት ጣቢያዎች እንደ ወትሯቸው ይለጥፋሉ! ስብሰባው፣ ምርቃቱ፣ ችግኙ፣ "ሙሉውን ለማንበብ ሊንኩን ይጫኑ"። መንግሥት በዘጋው በር የመንግሥት ጣቢያ አጥር ዘሎ ገብቶ፣ አጥር ዘልሎ ለገባ ዜጋ ያወራል። አንዱ ወዳጄ ይኼን ሲሰማ "ታዲያ ማን ለማን ነው የሚያወራው?" አለኝ። እውነት ማን ለማን ነው? ያን ጊዜ እንኳ "በራሳችን ድረ ገጽ እንሥራ፣ ዝርዝሩን በሬዲዮ ሁለት ጊዜ እናንብበው" ያለ ጣቢያ አልሰማሁም። በራስ ቤት ማደር እንደ ውርደት የተቆጠረ ይመስላል።

የቁልፉ ነገር ይኼ ነው። ከቁልፉ የሚብስ ግን አለ፤ እሱም ቤቱ ውስጥ የሚደረገው ነው።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ሰዎች ከፊታቸው የሚያዩትን የሚመርጥበትን አልጎሪዝም ቀየረ። ከወዳጅ ዘመድ የሚመጣ፣ ሰው የሚነጋገርበት ነገር ቅድሚያ ያግኝ፤ ከዜና ተቋማት የሚመጣው ይቀንስ ተባለ። ሲሰሙት ደግ ነገር ነው። ግን ሰው ከምንም በላይ ኮሜንት የሚጽፈው መቼ ነው? ሲናደድ ነዋ! እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ፍራንሲስ ሀውገን የተባለች የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ቁጣን የሚያራባው ይኼ አሠራር ምን እንደሚያደርስ ስታስረዳ፣ ከጠራቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከወር በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በመኖሪያቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው ናይሮቢ ላይ በሜታ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የአባቱ ስም፣ ፎቶና የሥራ ቦታ ከጥላቻ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዞር እንደነበር፣ ይነሣ ብሎ ቢያመለክትም በጊዜው እንዳልተነሣ ይናገራል። ኩባንያው ክሱን ይቃወማል፤ የኬንያ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ፍርዱን ለዳኞች እንተወው። እኔ የምጠይቀው ጣቢያዎቹን ነው። "በዚህ ገጽ ይከታተሉን" ብላችሁ በየማታው የምትልኩን ወደዚህ ሰፈር ነው። ቤቱ በእሳት የሚጫወቱበት እንደሆነ በአደባባይ ከተነገረ ወዲህ እንኳ ጥሪውን አንድ ቀን አላቆማችሁም። የድልድዩ ዜና ሥር የሚሰዳደቡት ሰዎች የእናንተ እንግዶች ናቸው፤ እናንተ ናችሁ የጠራችኋቸው፤ የሚገላግላቸው ግን የለም።

ደባል ቀስ በቀስ የአከራዩን ጠባይ ይወርሳል። አንድ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ልጅ እንዳጫወተኝ፣ የጠዋት ስብሰባቸው የሚጀምረው "ትናንት የቱ ዜና ስንት ላይክ አገኘ?" በሚል ነው። ስለ ኩፍኝ ክትባት የሠራው ዘገባ ሰው ስላላየው "ይኼ ነገር አይሄድም" ተብሏል። አይሄድም! ክትባት ፋሽን ነው እንዴ የሚሄደው? የንግድ ጣቢያ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። የሕዝብ ጣቢያ የተፈለገው ግን ለማይሄደው ነገር ነው። ለኩፍኙ፣ ለጡረታው፣ ለአንበጣው፣ ጥቂት ሰው ለሚናገረው ቋንቋ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሚነሣው ገበሬ። ሰበር ዜናው ብዛቱ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ዘንድሮ የማይሰበር ዜና አለ? ዕቃ ቤቱ ሁሉ ስብርባሪ ሆኗል።

ተከታዮቻችን ብዙ ሚሊዮን ደረሱ ብለው ኬክ የሚቆርሱም አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከእነዚያ ሚሊዮኖች ስንቱ ዛሬ ያወጡትን ማስታወቂያ እንደሚያይ የሚወስነው ጣቢያው አይደለም። ስማቸውን አያውቅም፣ የት እንዳሉ አያውቅም፤ ነገ ገጹ ቢሰረቅ ወይም ቢዘጋ ለአንዳቸውም "ወዲህ መጥተናል" ብሎ ሊነግራቸው አይችልም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ስለ ማኅደር ነገር ባነሣ ደግሞ ያመኛል። የድሮ ድራማ፣ የድሮ ቃለ ምልልስ፣ የሞቱ ሰዎች ድምፅ፤ ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ "ተቀምጧል" ተባለ ማለት ነው። ዩቲዩብ መጋዘን አይደለም፤ ገበያ ነው። ገበያ ላይ ያሳደርከውን ዕቃ ጠዋት አገኘዋለሁ ብሎ የሚተኛ ባለ አደራ አይደለም። ይኸው ነው፤ አልቀጥልበትም።

በሌላ ወገን ያለው ክርክር ከባድ መሆኑን አልክድም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ጣሪያ ላይ ዲሽ አትሰቅልም። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን የእመቤቲቱ ነው። የእሷ ነገር ትራሷ ሥር ያለችው ስልክ ብቻ ናት፤ የአገሯን ድምፅ የምትሰማው በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ ቴል አቪቭ ያለው፣ ፍራንክፈርት ያለው እንዲሁ። እዚህም ቤት ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲቀመጥ ያየሁት በዓል ሲሆን ነው። "ሰው ያለው እዚያ ነው፤ ታዲያ ለባዶ ወንበር እንስበክ?" ይላሉ ጣቢያዎቹ። የለም፤ አትስበኩ። ገበያ ውጡ። መደብ ዘርጉ። ልጅቷን ሪያድ ድረስ ሄዳችሁ አግኟት። እኔ የምለው ወደ ገበያ የወጣ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል ነው። መደቡ ላይ ያለው ወደ ቤት ይምራ፤ ቤት ያለው ወደ መደቡ አይምራ። ዛሬ የሚደረገው ግልብጡ ነው። ሬዲዮ ያላትን አክስቴን፣ እጇ ላይ ያለውን ሬዲዮ አስጥሎ፣ ወደሌላት ስልክ ይልካታል።

የራስን ቤት ማደስ ደግሞ ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ማንበብ ስንት ብር ይፈጃል? የጡረታ ማስታወቂያ ተነቦ የሚያልቀው በሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተከፈተው ዘፈን አምስት ደቂቃ ነበር። ማስታወቂያው በአጭር የስልክ መልእክት ይላክ፤ የእታለም ባለ ቁልፍ ስልክ መልእክት ይቀበላል፤ ሎተሪ ደረሰሽ የሚሏትን አታላዮች ሁሉ ስታነብ ነው የምትውል። በደካማ ኔትወርክ የሚከፈት፣ ፎቶ ያልበዛበት፣ ዛሬ የተጻፈው ከላይ፣ የትናንቱ ከሥር የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ይሠራ። ቢቢሲ አይፕሌየር የተባለውን የራሱን ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከፍቶ ተመልካቹን ከራሱ ጋር አቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ባለቤት አልባ በሆነው ማስቶዶን ላይ የራሱን ሰርቨር ተክሎ ሞክሯል። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ እስማማለሁ። ግን ድረ ገጹ ሳይከፈት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የ"ማኅበራዊ ሚዲያ ዴስክ" የሚባል ክፍል ባለ ብዙ ሠራተኛ ሆኖ ሲደራጅ አያለሁ። ገንዘቡ ያለ ይመስለኛል። ሄዶ የሰው ግድግዳ ላይ ተለሰነ እንጂ።

የምክር ቤት አባላትም የጣቢያዎቹን ዓመታዊ ሪፖርት ሲሰሙ የተከታይ ቁጥር ሲጠራ ባያጨበጭቡ። "ፌስቡክ ነገ ቢዘጋ ስንት ሰው ጋ ትደርሳላችሁ?" ብለው ይጠይቁልን። መልሱን በቀጥታ ሥርጭት መስማት እወዳለሁ፤ ያውም በሬዲዮ።

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። እታለም መፍትሔ አግኝታለች። ጎረቤት ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና ገጹን ይፈልግላታል። ቡና ታጠጣዋለች፤ ለካርድ ደግሞ ሃያ ብር። ሬዲዮኑ "ዝርዝሩን በገጻችን" ባለ ቁጥር ደብተሯን ታወጣና ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች፤ ልጁ የቱ ጋ እንደሚፈልግ እንዲያውቅ። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። በዚያ ወር ሰባት መስመር ጽፋለች። ልጁ ያገኘው አራቱን ነው።